ስለቴን የበላች በተን

ነገሩ የደረሰብኝ ካቻምና ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ብዙ ከስሬ አይደለም። አንድን ሰው ከልቤ ንቄ፣ ንቀቴን አጣጥሜ ሳልጨርስ የሰማሁት ነገር ስላለ ነው።

እዚህ ሰው አገር፣ ብሉሚንግተን ከተማ ያለ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ካምፓኒ ለሠራተኞቹ በቅናሽ ሼር ይሸጥ ነበርና ከደመወዜ እያስቆረጥኩ ገዝቻለሁ። ሼሩ የተቀመጠው ሼር የሚያገበያይ ኦንላይን ብሮከር ጋ ነው፤ በየሦስት ወሩ ካምፓኒው ከትርፉ ዲቪደንድ ይከፍለኛል። ብዙ አይደለም፤ ለኮምቦልቻ ግን ብዙ ነው።

ይህን ዲቪደንድ እኔ አልበላውም። የልጆቼ አባት ልቡን ኦፕራሲዮን ሲደረግ፣ "ያ ረቢ፣ እሱን ብቻ አትርፍልኝ እንጂ የሼሩ ትርፍ የእማማ ዘሀራ ነው" ብዬ ተስዬ ነበር። እማማ ዘሀራ የኮምቦልቻ ጎረቤታችን ናት። እናቴን እስክትሞት ያስታመመች፣ ለራሷ ግን ጧሪ ቀባሪ የሌላት ሴት። ባሌ ዳነ፣ አልሐምዱሊላህ። እኔም ዲቪደንዱ በመጣ ቁጥር እየላክሁ የቤት ኪራይዋን እችል ነበር።

እንግዲህ ወደ ኢንጂነሩ ልምጣ። ሌክ ስትሪት ላይ ሻይ ከምንጠጣበት ቤት የማይጠፋ ሰው ነው። ምን እንደገነባ ያየ የለም፤ ሁላችንም ግን ኢንጂነር እንለዋለን። ቅዳሜ ጠዋት ጥግ ያለችውን ጠረጴዛ ይይዝና ስለ ስቶክ፣ ስለ ሼር ገበያ ይሰብካል። ሰው ሳምንቱን ሙሉ ለፍቶ አንዲት ሻይ በሰላም እንዳይጠጣ! ስለ ቤት ብትጠይቁት ያውቃል፣ ስለ ታክስ ያውቃል፣ ስለ ኩላሊት ሳይቀር ያውቃል። "አላውቅም" የምትለዋን ቃል እናቱ ሳታስተምረው ቀርታለች።

አንድ ቅዳሜ ስልኬ ላይ ሼሬን ሳይ አየኝ።

"ዲቪደንዱን በካሽ ነው የምትወስጂው?" አለኝ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "እህቴ፣ ዲቪደንድ የሚበላ ሰው ዘሩን ቆልቶ እንደሚበላ ገበሬ ነው! ስጪኝ እስቲ።"

ስልኬን ወሰደ፣ ስክሪኑ ላይ አንድ በተን ነክቶ ኦን አደረገ፣ መለሰልኝ። "በቃ፣ ከአሁን በኋላ ገንዘብሽ ራሱን በራሱ ይወልዳል።" እኔ ጅሏ ደግሞ አመስግኜ ሻዩን ከፈልኩለት።

ሦስት ወር ሞላ። ዲቪደንዱ ባንኬ አልገባም። ኢንጂነሩን ጠየቅሁት። "ገበያው ቀዝቅዟል፣ ካምፓኒዎቹ ገንዘብ ይዘዋል፣ ታገሺ" አለኝ ጢሙን እያሻሸ። ታገስኩ። ለእማማ ዘሀራም አልላክሁም። ስለቴ ከዲቪደንዱ ነው፣ እሱ ካልመጣ ምን ላድርግ ብዬ ተውኩት። እሷ ደግሞ ይሉኝታዋ ብዙ ነው፤ ደውላ አትጠይቅም። ሁለተኛውም ዙር እንደዚያው አለፈ።

በሦስተኛው ትዕግሥቴ አለቀና ብሮከሩ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ላይ ጮህኩባት፤ ሌቦች ናችሁ ሁሉ ብያታለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። እሷ ግን ረጋ ብላ፣ ዲቪደንዱ አንድም ጊዜ እንዳልቀረ፣ ነገር ግን በካሽ መውጣቱ ቀርቶ ያንኑ ሼር መልሶ እየገዛ እንደሆነ አስረዳችኝ።

"ማነው ግዙ ያላችሁ?"

"እርስዎ ነዎት። ከስልክዎ ነው የታዘዘው።"

ያቺ በተን! ደሜ ፈላ።

ቅዳሜን እንዴት እንደጠበቅኋት እኔ ነኝ የማውቀው። ገብቼ ሳልቀመጥ፣ "ኢንጂነር፣ ያቺ በተን ኦን ስትሆን ካሹ የት ነው የሚሄደው?" አልኩት።

"ካሹማ ይመጣል" አለ።

"ሼሩስ?"

"ሼሩም ይገዛል።"

"በምን ገንዘብ?"

ጢሙን አሻሸ። ሰው ሁሉ ሻዩን ትቶ ያየዋል። "ሁለቱም ይመጣል" አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "እስቲ ያንተን አካውንት አሳየን" ስለው ፓስዎርዱ ጠፍቶታል። አጥብቄ ስይዘው፣ "ገና ልከፍት ነው" አይልም መሰላችሁ! ስንት ዓመት የሰበከን ሰውዬ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ እሱስ የሚያርርበት ድስትም የለው።

"አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል!" ብዬው ወጣሁ። እሱ ደግሞ ከኋላዬ፣ "ቢሆንም ሼርሽ ጨምሯል እኮ!" ይለኛል። አያፍርም።

ብቻዬን እየሳቅሁ ቤቴ ድረስ ድራይቭ አደረግሁ። በተኗን ኦፍ አደረግሁ፤ የተገዙት ሼሮችም ሰኞ እንዲሸጡ አዘዝኩ። ከዚያ አዲሱ ሶፋዬ ላይ ተንጋለልኩና፣ ገንዘቡ እየመጣ መሆኑን ልነግራት፣ በኢንጂነሩም ላስቃት ብዬ እማማ ዘሀራ ጋ ደወልኩ።

ከጀርባዋ ዕቃ ሲታጠብ ይሰማል። "የት ነሽ እማማ?" አልኳት።

"ማድ ቤት ነኝ ልጄ። አከራዩ አስወጣኝና ጎረቤቶች ማድ ቤታቸው አስጠጉኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ይሞቃል።"

"ምነው ታዲያ አትደውይልኝም?"

"ገንዘቡ ሲቀር ጊዜ ታማለች ማለት ነው አልኩ። የታመመ ሰው ኪራይ ይጠየቃል እንዴ? ዱዓ ሳደርግልሽ ከረምኩ። ዳንሽልኝ ወይ?"

ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም ነበር። ደመወዜ በየሁለት ሳምንቱ ይገባል። የተንጋለልኩበትን ሶፋ የገዛሁት ዲቪደንዱ መጀመሪያ በቀረበት በዚያው ወር ነው። ኪራይዋ የሶፋውን ሩብ አይሆንም። ዲቪደንዱ አልመጣምና ስለቱ አይመለከተኝም ብዬ እጄን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ኢንጂነሩ አላስተማረኝም። ያን ጊዜ ከእሱ ይልቅ ራሴን ናቅሁ።

"ድኛለሁ እማማ" አልኳት፣ ሌላ ምን ልበላት?

ከባሌ ጋር ሆነን ክፍል ተከራየንላት። አሁን ዲቪደንዱ መጣም ቀረ፣ ኪራይዋን በየወሩ ከደመወዜ እልካለሁ። ኢንጂነሩ ዛሬም ጥጉን ይዞ ይሰብካል። ዛሬም እንቀዋለሁ፣ አልዋሽም፤ ግን እንደዚያ ቀን አፌን ሞልቼ አልስቅበትም። ሶፋው ሳሎኔ አለ። እንግዳ ሲመጣ እሱ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ እኔ ወንበር ይሻለኛል።