በአርባ ሰባት ዓመት ልክ የታሰረ ስኪ

ይህ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም.፣ በጃንዋሪ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ቀን ነው። ከባድ ጉዳት አልደረሰብኝም። ግን ደረጃ ስወርድ ወይም ፎርም ስሞላ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፤ በዚያ ቀን አንዲት የማላውቃቸው በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ሳይቆጡ፣ እውነቱን ከአፌ አውጥተውታል።

የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ፣ ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ ነው። ትራክ እነዳለሁ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ስኪ አደርጋለሁ፤ ሁለት ረጃጅም ሳንቃ እግሬ ላይ አስሬ በረዶ ላይ ቁልቁል እንሸራተታለሁ። ይህን ስናገር ሐበሻ በሚበዛበት ሞርስ ሮድ ያሉ ወዳጆቼ ይስቁብኛል። «ሌላው ሰው እንዳይወድቅ በረዶው ላይ ጨው ይበትናል፤ ጋሼ ግን ከፍሎ ይወድቃል!» ይሉኛል። ይሳቁ። እዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ከከተማው አንድ ሰዓት በምትርቅ ትንሽ የስኪ ኮረብታ ላይ ሰዎችን በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ኮረብታው አናት በሚያወጣው የሊፍት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነበር። ለሠራተኛ መንሸራተት በነጻ ስለነበር በተውሶ ስኪ ጀመርኩ። አስተማሪ አልነበረኝም። ጎበዝ ሰው ሳይ ከኋላው እየተከተልኩ፣ ጉልበቱን የት እንደሚያጥፍ እያየሁ ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ክረምት አልፏል።

ልጄ ሳሮን ስድስት ዓመት ሲሞላት እሷንም አስተማርኳት። አሁን ራሷን ችላ ሌላ ከተማ ትሠራለች። ቢሆንም በየዓመቱ በጃንዋሪ አንድ ቅዳሜ መጥታ አብረን እንውላለን። ያቺ ቀን ለእኔ ከበዓል ትበልጣለች። ሳሮን ቤት ውስጥ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስ፣ ዓይኗን ከስልኳ የማታነሳ ልጅ ናት። ሊፍቱ ወንበር ላይ ግን እጇ በወፍራም ጓንት ውስጥ ስለሆነ ስልክ መንካት አትችልም። ወደ ላይ እስክንደርስ በተሰባበረ አማርኛዋ ታወራኛለች። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጭንቀቷ የማውቀውን ሁሉ የሰማሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን አንድ ነገር ሆነ። ገና እኩለ ቀን ሳይደርስ ጭኖቼ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ለሳሮን «ከሥራ ስልክ ተደወለልኝ፤ መኪና ውስጥ ሆኜ ላናግራቸው» አልኳትና ሄድኩ። የደወለልኝ ሰው አልነበረም። መኪናዬ ውስጥ ጭኔን እያሸሁ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀመጥኩ። ልጄ ብቻዋን ስትወጣ ስትወርድ ዋለች።

ጥፋቱ የዕድሜዬ ብቻ መስሎኝ ነበር። ስኪዬን አልጠረጠርኩትም። ያገለገለ የውድድር ስኪ ነው፤ ረጅም፣ ከባድ፣ በውስጡ ብረት ያለው። ከባድ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ሳሮን ልጅ ሆና «ስኪው አስቸገረኝ» ስትለኝ «ሰነፍ ሠራተኛ በመሣሪያው ያመካኛል» ብያታለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ብቻ ወርደን ጭኔ እንደ እሳት ነደደ። «የመጨረሻ ዓመቴ ነው» ብዬ በልቤ ወሰንኩ። ሳሮን ሻይ ልትገዛ ስትሄድ እኔ የስኪው ጠርዝ እንዲሳልልኝ ወደ ጥገናው ክፍል ወረድኩ። እዚያ ዶና የሚባሉ፣ ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ ሴት አገኘሁ። ደረጃውን ብረቱን ይዤ በጎኔ ስወርድ አይተውኝ ኖሯል።

«ስንት ጊዜ ስትወርድ ነው ጭንህ የሚቃጠለው?» አሉኝ፤ ሰላምታም ሳያስቀድሙ።

«ዛሬ በሁለተኛው» አልኩ።

ስኪዬን አንስተው መሬት ላይ አቆሙት። መሐሉን በመዳፋቸው ሲጫኑት ንቅንቅ አላለም። «ይኼ ግሩም ስኪ ነው። ግን በፍጥነት ካልበረርክና በሙሉ ጉልበትህ ካልተጫንከው አይታጠፍም። በእያንዳንዱ መታጠፊያ እየታገልከው ነው» አሉኝ።

የጀማሪ ስኪ ሊሰጡኝ መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩ። ገብቷቸዋል። «ለጀማሪ የሚሆነውን አልሰጥህም። ለዓመታት የተማርከውን ያበላሽብሃል» አሉና ከግድግዳው ላይ አንድ የመሞከሪያ ስኪ አወረዱ። ከእኔው በአንድ ስንዝር ያህል ያጥራል፤ ቀለል ይላል፤ ሲጫኑት እሺ ይላል። ጠርዙ ግን በረዶን አጥብቆ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። ለዕቃም ለሰውም ክብር የሚያውቁ ሴት መሆናቸውን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ከዚያ ፎርም ሰጡኝ። ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ የሚጠብቀው በዚህ ልክ ነው። ሰው ሃምሳ ዓመት ሲሞላው፣ ሲወድቅ ስኪው ከእግሩ ቶሎ እንዲወልቅለት ትንሽ ያላሉታል።

እኔ «አርባ ሰባት» ብዬ ጻፍኩ።

መታወቂያዬ የሚለው እንደዚያ ነው። እናቴ ከወለደችኝ ግን ሃምሳ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከአገር ስወጣ የትውልድ ዘመኔ አስቀድሞ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተቀይሮ ሳለ፣ አንድ ጸሐፊ የሐበሻ መስሎት ስምንት ዓመት ደግሞ ጨመረበት፤ በወረቀት ላይ በስምንት ዓመት ወጣት ሆንኩ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ወገን ብዙ ነው። ስህተቱ የእኔ አይደለም፤ ዝምታው ግን የእኔ ነው። ደስ ብሎኝ ኖሬበታለሁ።

እትዬ ዶና ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ በጻፍኩት ልክ አጠበቁልኝ።

ከሳሮን ጋር ወጥተን ከላይ ስነሳ አዲሱን ስኪ እንደ ድሮው በሙሉ ኃይሌ ተጫንኩት። ሳላስበው ወዲያው ታጠፈና ጣለኝ። ቀኙ ወለቀ፤ ግራው አልወለቀም። ጉልበቴ ሲጠመዘዝ ይሰማኛል። ሳሮን «አባዬ! ዶንት ሙቭ! አትንቀሳቀስ!» እያለች ደርሳ በእጇ ፈታችልኝ። ጥቂት ተቀምጬ ተነሳሁ። ጅማቴ አልተበጠሰም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን በረዶው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ልጄን «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» እያልኩ ያሳደግሁት ሰው እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ።

እያነከስኩ ተመለስኩ። ሳሮን አጠገቤ ቆማ ሳለች ለሴትየዋ «ዕድሜዬ ሃምሳ አምስት ነው» አልኳቸው።

«አውቄ ነበር» አሉኝ። «ግን ሰው ስለ ራሱ የሚጽፈውን እኔ ልሰርዝበት አልችልም። ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር፤ ያ የእኔ ጥፋት ነው።» መፍቻቸውን አንስተው ማሰሪያውን አላሉት። አጎንብሰው እየሠሩ «እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ረጅሙን ስኪ የተውኩ ቀን እዚችው ጠረጴዛ ላይ አልቅሻለሁ። በማግስቱ ግን ቀኑን ሙሉ ስንሸራተት ዋልኩ» አሉኝ።

ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ግማሹን እሳቸው ወሰዱልኝ። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ገሥጫለሁ፤ እንዲህ አድርጌ ግን አላውቅም።

ተመልሰን ወጣን። «አትታገለው፤ ዘንበል በል ብቻ» ያሉኝን አሰብኩ። ዘንበል አልኩ፤ ስኪው ራሱ ዞሮ ወሰደኝ። ጠርዙ በረዶውን ሲቆርጥ የሚሰማው ድምፅ እንደ ድሮው ነበር። የቀረው ድካሙ ብቻ ነው። ሊፍቱ እስኪዘጋ ዋልን።

በመጨረሻው መውጣት ላይ ሳሮን በጓንቷ ወደ ታች አመለከተች። ከወንበሩ ላይ የመኪና ማቆሚያው ወለል ብሎ ይታያል። ይህን እኔ ሃያ ዓመት የተመላለስኩበት ሰው አላሰብኩትም ነበር።

«አምና ከዚህ አየሁህ። ስልክ አልያዝክም» አለችኝ፤ በአማርኛ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ እንድትነግረኝ ነዋ።»

ጓንቷን በጓንቴ ያዝኩት።

ያን ዓይነት ስኪ ገዛሁ። አሮጌውን አንድ ጉልበተኛ ጎረምሳ ወሰደው። እትዬ ዶናን ሳስብ ሙያቸውን አደንቃለሁ፤ ከሙያቸው ይልቅ ሰው እንዳያፍር አድርገው እውነት መቀበላቸውን አደንቃለሁ። ከእሳቸው በኋላ ልጄን ስመክር ድምፄን ዝቅ ማድረግ እየተማርኩ ነው። ገና አልቻልኩበትም።

ባለፈው ዲሴምበር ኮረብታው ሲከፈት አዲሱ ስኪ እንዲስተካከል ይዘነው ሄድን። ፎርሙን የሞላችው ሳሮን ናት። ዕድሜ የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። እትዬ ዶናም መፍቻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

«ሃምሳ ስድስት» አልኩ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪሰማ።