አስካለ ለምን ቀረች?

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሾላ ገበያ ተነሣሁ። የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም ነኝ፤ ከሥሬ ያሉ የሕክምና ተማሪዎችንም አስተምራለሁ። የመመረቂያ ጥናቴ የመጀመሪያ ልጃቸውን በኦፕሬሽን የወለዱ እናቶች በሁለተኛው እርግዝና ለምን ክትትል እንደሚያቋርጡ ይጠይቃል። ከዝርዝሬ አንዷ አስካለ ናት። እንጦጦ ላይ ትኖራለች፤ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ ቤቴ እወልዳለሁ ብላለች። ማህፀኗ የተሰፋበት ቦታ ምጥ ላይ ቢቀደድ እሷም ልጇም ላይተርፉ ይችላሉ።

ባዶ እጅ አይኬድምና ብርቱካን ገዛሁ። ሻጯ፣ «የታመመ ልትጠይቂ ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ ሰው ልመክር ነው» አልኳት። ምነው አፌን በቆረጠው!

ሦስት ሰዓት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን

ከሚኒባሱ ስወርድ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወርቄ ትጠብቀኝ ነበር። ከቤቶቹ መካከል ወጥተን በባሕር ዛፉ ውስጥ ሽቅብ ተያያዝነው። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ቀዩ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። ወርቄ እንደ ፍየል ትወጣለች፤ እኔ በየአሥር እርምጃው እቆማለሁ።

«ዶክተር፣ ትንሽ ይረፉ እንጂ» አለች እየሳቀች። «እኛ ታዲያ በየቀኑ ነው።»

«ለምን እንደቀረች ገባኝ» አልኳትና የጥናቴን ቅጽ አውጥቼ ከምክንያቶቹ «ርቀት» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ሴትዮዋን ገና በዓይኔ አላየኋትም።

አራት ሰዓት ተኩል

አስካለ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ባሏ ከማሳ ያመጣውን ድንች ትመርጣለች። ስታየኝ እጇ ቆመ። ሆኖም ተነሥታ በርጩማ አቀረበችልን፤ ብርቱካኑንም በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

«አንቺ፣ ክትትሉን ለምን ተውሽው? ርቀቱ ነው አይደል?»

«ርቀቱስ ምን አለው፣ ገበያ እወርድ የለ?» ብርቱካኑን አጠገቧ አስቀመጠች። «አያስታውሱኝም?»

አላስታወስኳትም።

«እኔ አልረሳሁዎትም። የፊተኛውን ሳምጥ ተማሪዎች ይዘው መጡ። ስድስት ናቸው። አንዱ እጁን ሲያወጣ ሌላው ያስገባል፤ እርስዎ ‹ቀጥል› ይላሉ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ይፈቀድልን ያለኝ ሰው የለም። ስሜን እንኳን የጠራኝ የለም፤ ‹አልጋ ሰባት› ነበር የምባል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰበብ አላጣሁም። ሐኪም በመጽሐፍ ብቻ አይሠለጥንም፤ እኔንም ያስተማሩኝ እንዲሁ ነው። ግን ለመጠየቅ ግማሽ ደቂቃ ይበቃ ነበር። እኔም ሴት ነኝ፤ መጋረጃውን እንኳን እስከ ጫፍ አልሳብኩላትም ይሆናል። ይባስ ብሎ በእነዚያ ቀናት ጥሩ አስተማሪ ነኝ እያልኩ በኩራት ነበር ቤቴ የምገባው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አስካለ» አልኩ፤ አንቺ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። «ስፌቱ ያሰጋዎታል። እኔን ይጥሉኝ፤ ሐኪም ቤቱን ግን አይተዉ።»

«እግዜር ይቅር ይበለን» አለች፤ እመጣለሁ ግን አላለችም።

«የደም ግፊትዎን ልለካ? ይፈቅዳሉ?»

ትክ ብላ አየችኝ። «ዛሬስ ይቅርብኝ።»

ልለምናት አሰብኩና ተውኩት። መለኪያውን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

መልስ

ቁልቁለቱን ስንወርድ ወርቄ አልሳቀችብኝም፤ ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ፈረንሳይ ስንደርስ ቅጹን አውጥቼ «ርቀት» የሚለውን ሰረዝኩ፤ ከሥሩ አስካለ ያለችውን ቃል በቃል ጻፍኩ። በእኔ እጅ ያለፉትን ሌሎች ሴቶች ላስብ ሞከርኩ፤ የአንዷም ስም አልመጣልኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴ ገብቼ ጭቃዬን ሳጥብ ወርቄ ደወለች።

«ዶክተር፣ ተመልሼ ሄጄ አነጋገርኳት። ማክሰኞ ትመጣለች!»

«ተመስገን!»

«ግን...» ወርቄ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አይቀየሙኝና፣ ሌላ ሐኪም ታየኝ ነው የምትለው። እርስዎ እንዳይገቡባት።»

ሰው ከሐኪም የሚያርቀው መንገድ ብቻ መስሎኝ ተራራ ወጣሁ፤ ለካ ሐኪሟም ታርቃለች።

«እሺ በያት። አልገባም።»