ግማሽ የተረገጠ ፔዳል

በሆስፒታሉ ግቢ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ሁሉም «ጄኔራሉ» ይለዋል። ያወጡለት ነርሶች ናቸው። ትንሿ የሣር ማጨጃ ትራክተር ላይ ወገቡን አቅንቶ በመስኮቶቹ ሥር ሲያልፍ ሰልፍ የሚጎበኝ ይመስላል። እሱም ቅጽል ስሙን አልጠላውም። ትራክተሯ ከመምጣቷ በፊት፣ በማጭድ ሲያጭድ በኖረባቸው ዓመታት፣ ማንም ስም አላወጣለትም ነበር። የጎበጠ ሰው ፊቱ አይታይም።

ስለዚህ ግራ እግሩ ሲከዳው ለማንም አልተናገረም። መጀመሪያ ነጠላ ጫማው እየወለቀ መንገድ ላይ መቅረት ጀመረ። ጫማው መውለቁን የሚያውቀው ሚስቱ ከኋላው አንስታ ስታቀብለው ነበር።

«ሐሳብህ የት ነው ያለው፣ አንተ ሰው?»

«አንቺ ዘንድ።»

እሷም ትስቅ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ ሐኪም ዘንድ አልቀረበም። ሐኪም ካየው ወረቀት ይጽፋል፣ ወረቀቱ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ በኋላ ከትራክተሯ ውረድ መባል ይመጣል። ማጭዱ ዛሬም ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ዕቃ ቤት በገባ ቁጥር ያየዋል።

ትራክተሯ ለፍሪሲዮንም ለፍሬንም ያላት ፔዳል አንድ ነው፣ በግራ እግር የሚረገጥ። እስከ ግማሽ ሲረገጥ ሞተሩን ከጎማው ያላቅቃል፤ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ደግሞ ያቆማል። ለሜዳ ግማሹ ይበቃል። ለቁልቁለት አይበቃም።

አንድ ጠዋት ከልብስ ማጠቢያው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ፔዳሉን ረገጠ። ጎማዎቿ ከሞተሩ ተላቀቁ እንጂ ትራክተሯ አልቆመችም። በክራንች የሚራመድ አንድ በሽተኛ ክራንቹን ጥሎ በሁለት እግሩ ዘለለ። ጄኔራሉ ገመድ ላይ በተሰጡት አንሶላዎች መሐል ጥሶ አልፎ፣ ገመዱን በጥሶ፣ ከማጠቢያው ግድግዳ ጋር ተላትሞ ቆመ። አጣቢዎቹ ሲወጡ ወንበሩ ላይ በእርጥብ አንሶላ የተጠቀለለ ሰው አገኙ። ከአጣቢዎቹ አንዷ ሚስቱ ናት። አንሶላውን ከፊቱ ላይ የገፈፈችለት እሷ ነበረች።

«ፔዳሉ ነው» አለ። «ጠንክሯል፣ አይወርድም።»

የግቢው ኃላፊ ደርሶ ይህንኑ ሰማ። ትሑት ሰው ነው፣ ሲቆጣም «እርስዎ» ይላል።

«ጋሼ፣ ፔዳል ዝም ብሎ አይጠነክርም። ሜካኒኩ ይየውና ብልሽቱ ከአያያዝ ከሆነ እንነጋገራለን።»

ሚስቱ ይህችን «እንነጋገራለን» ሰማቻት፤ አልወደደቻትም።

የአምቡላንሶቹ ሜካኒክ የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ እየሳቀ መጣ። «ጄኔራል! አንካሳ አዘለልክ አሉ። ዶክተሮቹ ያቃታቸውን አንተ በአንድ ቁልቁለት?»

«ሥራህን ሥራ።»

ሜካኒኩ ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ከሥሯ ገባ። ጄኔራሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የዚያን ሰው እግሮች እያየ በልቡ ይለምን ነበር፤ የተበላ ነገር፣ የዛገ ነገር፣ ምንም ይሁን ብቻ ይገኝ።

«አገኘሁት!» አለ ሜካኒኩ። ፔዳሉ የሚዞርበት ዘንግ ላይ ደረቅ ሣር ተጠምጥሞ እንደ ገመድ ጠንክሯል። በካቻቢቴ ፈልፍሎ አወጣው፣ ዘይት ጠብ አደረገበት። ጄኔራሉ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እስቲ ርገጥ።»

ረገጠ።

«ርገጥ እንጂ!»

«ረግጫለሁ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

«የፍሬኑ ዘንግ ንቅንቅ አላለም እኮ።»

ሞላውን ፈትቶ አየው፤ ጤነኛ ነው። የዘንጉን ዳዶ ጠበቅ፣ ከዚያ ላላ አደረገው። ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ዳሰሰው። «ርገጥ» አለ፣ ደግሞ «ርገጥ» አለ። አንድ ጊዜ እንኳ ተነሥቶ ራሱ ቢረግጥ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፤ ግን ዕድሜውን መኪና ሥር ተኝቶ «ርገጥ» ሲል የኖረ ሰው ነው። ከላይ የተቀመጠው ሹፌር ረገጥኩ ካለ ረግጧል፣ ይኸው ነው።

በመጨረሻ እጁን እየጠረገ «እንግዲህ ውስጡ የተበላ ነገር ይኖራል» አለ።

«ከአያያዝ?» ሲል ጠየቀ ኃላፊው።

ሜካኒኩ ጄኔራሉን አየት አደረገው። «ሊሆን ይችላል።»

ይኼኔ ሚስቱ እጇን በሽርጧ እያደረቀች መጣች። «የምን አያያዝ? ከልጆቹ አስበልጦ ነው የሚይዛት! እስቲ ውረድ።»

«ተይ አንቺ፣ አያገባሽም።»

«ስምህ ሲጠፋማ ያገባኛል። ውረድ ብዬሃለሁ!»

አጣቢዎቹ ሳቁ። በሰው ፊት ከሚስቱ ጋር መሟገት አልሆነለትም፤ ወረደ። ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች፣ ግራ እግሯን ዘርግታ ረገጠች።

«ወረደ!» አለ ሜካኒኩ ጎንበስ ብሎ ከሥር እያየ። «ፍሬኑ ያዘ!»

ለቀቀች፣ ደግማ ረገጠች። «አያችሁ? ማሽኗ ምንም አልሆነችም! የኔ ባል ዕቃ አያበላሽም። ይኸው እኔ እንኳ፣ በነጠላ ጫማ…»

እዚህ ላይ ቆመች። ዓይኗ ወደ ባሏ እግር ወረደ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሷ ግን ወዲያው አወቀችው። ከመንገድ ላይ ያነሳቻቸው ጫማዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አሏት።

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ እግርዎን ያምዎታል እንዴ?»

ከቁጣው ይልቅ ይህ ርኅራኄው ገደለው።

ሐኪሙ ወረቀቱን ጻፈ። ነርቩ ከወገቡ ነው የተጎዳው፤ ብዙ ዓመት ጎንበስ ብሎ የሠራ ሰው ላይ የሚታይ ነው አለ። ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳይነዳ፣ ቀላል ሥራ ይሰጠው ተባለ። ኃላፊው ለቀላል ሥራ ብዙ አላሰበም። ትራክተሯ የማትደርስበት በአጥሩ ሥር ያለ ሣር ነበር፣ ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይም ማጭድ ነበር።

የትራክተሯን ወንበር የግቢው ዘበኛ ወንድም ወረሰው። ነርሶቹ ለእሱ እስካሁን ስም አላወጡለትም፤ የድሮውንም «ጄኔራል» ማለቱን ትተዋል።

ዛሬም ባልና ሚስት ከማጠቢያው ጀርባ አብረው ምሳ ይበላሉ። ከአፋቸው የሚወጣው «ጨው አቀብለኝ»፣ «ውሃ አለ?» ብቻ ነው። አንድ ቀን ትራክተሯ ከላይ በተዳፋቱ ስትወርድ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መጣ።

«ይሸታል» አለች።

«ቺንጋው ነው። አዲሱ ሹፌር እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ይነዳል። ቺንጋው ሲንሸራተት ይቃጠላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይበጠሳል።»

«ታዲያ አትነግረውም?»

«ምን ብዬ? ፔዳሉ ደህና ነው። አንቺው መስክረሽለታል።»

ሚስቱ የሳህኑን ክዳን ገጠመች። ማጭዱን ይዞ ተነሣና ወደ አጥሩ ሄደ። ግራ ነጠላ ጫማው ከኋላው ሣሩ ላይ ቀረ። አየችው። አላነሳችውም።

ራቅ ካለ በኋላ ባዶ እግሩን አይቶ ቆመ፤ ዞር ብሎ ጫማውን አየ፣ ከዚያም እሷን አየ። ተመልሶ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ራሱ አነሳው።