ናታኒቻ የምትባል አላውቅም

ማሪቪክ ከፊሊፒንስ የመጣች የእንግሊዝኛ መምህራችን ናት። ሜኮንግ ወንዝ ዳር ባለችው በዚች ትንሽ ከተማችን አራት ዓመት ኖራለች፤ አራቱንም ዓመት ግራ እንደተጋባች ነው። አልፈርድባትም። እኔ ፕራኒ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ፣ ዳይሬክተራችን "እናያለን" ሲሉ እሺ ማለታቸው ይሁን እምቢ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

የመጣች ሰሞን ወላጆች "ፈረንጅ አይደለችም እንዴ?" ብለው አጉረመረሙ። ዳይሬክተሩ ለትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ፎቶ ከእንግዳ ማረፊያ አንድ ፂማም ጀርመናዊ ተውሰው ሰሌዳው ፊት አቆሙት። ፎቶውን ያነሳችው ራሷ ማሪቪክ ናት። ለምን እሱ እንደቆመና ለምን እሷ እንደምታነሳ የነገራት የለም፤ "ፈገግ በል" እያለች አነሳችው።

የምትኖረው ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ሩዟን በነጭ ሽንኩርት ጠብሳ ትበላለች፤ በእኛ ቃሪያ ዓይኗ እያነባ "ይጣፍጣል" ትላለች። እናቷ ዘንድ የተወችው ልጅ አላት፣ እሑድ እሑድ በስልክ ታሳድገዋለች።

እኛ ክፉ ሰዎች ሆነን አይደለም የማንነግራት። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ይናገራል? ፈተና አባዝታ ክፍል ትገባለች፤ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ከበሮ ይደልቃሉ። "የስፖርት ሳምንት ነው እኮ፣ አልነገሩሽም?" እላታለሁ። አንድ ሐሙስ ሁላችንም የሐር ልብስ ለብሰን ስንሰለፍ እሷ ብቻ በቱታ መጣች። ሐሙስ የቱታ ቀን መሆኑን ነግረናት ነበር፤ ያ ሐሙስ ግን ሌላ ሐሙስ ነበር።

"እትዬ ፕራኒ፣ እናንተ በምን ታውቃላችሁ?" አለችኝ።

"እንጃ፣ እናውቃለና።"

የባሰባት የልጆቹ ስም ነው። ስድስት መቶ ተማሪ አላት። መዝገቡ ላይ ያለው ስም ከነአባቱ አንድ መስመር ይሞላል፤ ከመንግሥት ጸሐፊ በቀር የሚጠራበት ሰው የለም። እናት፣ ጎረቤት፣ መምህር፣ ሁሉም የሚጠራው በቤት ስም ነው፤ አሣማ፣ አይጥ፣ ጥብጣብ፣ ብርቱካን። ማሪቪክም ደብተሯ ላይ የቤት ስማቸውን ጽፋ፣ ጎኑ ላይ ያንን ረጅሙን በትንንሽ ፊደል እየገለበጠች ኖረች።

ከሁሉም የምትወዳት ቴንግሞን ነበር፣ ሀብሐብ እንደ ማለት ነው። ቴንግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ አባት የላትም፣ እናቷ ኖይ መንገድ ዳር ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። ልጅቷ ኮን ኬን ከተማ ነርሲንግ ኮሌጅ ገብታለች። የቀራት ውጤት በሚለጠፍበት ሳምንት፣ እስከ ዓርብ ቀትር፣ የትምህርት ማስረጃዋን ማስገባት ብቻ ነው። ለቃለ መጠይቁ ያዘጋጀቻት ማሪቪክ ናት፤ ሁለት ወር ሙሉ ከትምህርት በኋላ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ አንዷ በሽተኛ አንዷ ነርስ እየሆኑ ሲሳሳቁ አያቸው ነበር።

እንግዲህ በዚያው ዓመት ቴንግሞ ከሞተር ሁለት ጊዜ ወደቀች። እናቷ ደንግጣ ወደ ቡድሃው መነኩሴ ወሰደቻት። መነኩሴው የተወለደችበትን ቀን ቆጥረው፣ "ስሟ አይስማማትም፣ ነርስነቱም እንዳይሰናከል ይቀየር" አሏት። ወረዳ ሄደው በአንድ ጠዋት አስቀየሩት። ሱፓፖርን የነበረችው ናታኒቻ ሆነች። የትምህርት ቤታችን ጽሕፈት ቤትም መዝገቡ ላይ አስተካከለ። ቤት ውስጥም ክፍል ውስጥም ግን ያችው ቴንግሞ ናት፤ ስለዚህ ምን የሚወራ ነገር አለ? ይህን ሁሉ እኔ የሰማሁት በኋላ ነው።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ ማሪቪክ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ውጤት ታስገባለች። እኔ አጠገቧ የራሴን ወረቀት አርማለሁ፤ ሙቀቱ ራስ ያዞራል፣ የጣራው ማራገቢያ ተበላሽቷል።

"እትዬ፣ ናታኒቻ ማን ናት?"

"ናታኒቻ የምትባል አላውቅም።"

"ደብተሬ ላይ የለችም። ኮምፒውተሩ ግን ውጤቷን አምጪ ይላል።"

"ባንኮክ ሥራ ፍለጋ የኮበለለች ትሆናለች። በየዓመቱ አሉ እኮ። ዜሮ ጻፊባትና ተገላገይ።"

"ሳልጠይቅ?"

"ማንን ልትጠይቂ? ጻፊ አልኩሽ።"

ጻፈች። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ደግሞ ወለምታ እንኳ አይደለም፣ ስንፍና ነው። ቀና ብዬ ስሙን አንድ ጊዜ ማዶ ለተቀመጠችው የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ብጠራላት ያልቅ ነበር። ከስድስት መቶ ስም መሃል፣ ደብተሯ ላይ ውጤቷ ተጽፎ ኮምፒውተሩ ያልጠየቃት አንዲት ልጅ እንዳለች ማሪቪክም አላስተዋለችም።

ሰኞ ውጤት ተለጠፈ። ማክሰኞ ቴንግሞ በትንሽ ሳህን አበባና ሻማ ይዛ መጣች። የመምህራን ክፍል ወለል ላይ በጉልበቷ ተንበረከከች።

"መምህር፣ ያጠፋሁት ነገር ካለ ይቅር ይበሉኝ" አለች።

ልጅቷ ስለ ዜሮው ነበር የመጣችው። መምህርን "ለምን ዜሮ ሰጡኝ?" ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ በቁም ማዋረድ ነው፤ መምህር የከፋት ነገር ቢኖር ነው ብሎ ይቅርታ ይለመናል እንጂ። ነገር ግን ትምህርት ሲያልቅም ልጆች እንዲሁ ተንበርክከው ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ልማድ ነው። ማሪቪክ በአራት ዓመት ውስጥ ይቺን አንዲት ልማዳችንን በደንብ አውቃታለች።

"ምንም አላጠፋሽም። ይቅር ብዬሻለሁ፣ በርቺ" አለቻት።

ቴንግሞ አለቀሰች፤ ማሪቪክም መለያየቱ ነው ብላ አብራት አለቀሰች። እኔ ሻይ እየጠጣሁ አየኋቸውና አንጀቴን በሉት። ልጅቷ ይቅር ተባልኩ፣ እንግዲህ ይስተካከላል ብላ ሄደች። ረቡዕ የውጤት ሰሌዳውን አየች፣ ሐሙስም አየች፤ ዜሮው እንዳለ ነው። ዓርብ ቀትር አለፈ።

በሳምንቱ ሰኞ ክፍሉ ለፎቶ ሲሰለፍ ማሪቪክ "ቴንግሞ የት አለች?" አለች። ልጆቹ አቀረቀሩ። አንዷ ናት የደፈረችው።

"ራዮንግ፣ አክስቷ ጋ ሄዳለች። ፋብሪካ ልትገባ።"

"ነርሲንጉስ?"

"በእንግሊዝኛ ዜሮ አግኝታ የለ እንዴ መምህር።"

ማሪቪክ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ልጆቹ አልሳቁም። ሮጣ ገብታ ደብተሯን ገለጠችው፣ ቴንግሞ ሰማንያ ስድስት። ኮምፒውተሩን ከፈተችው፣ ሱፓፖርን የሚባል የለም። ጸሐፊያችን ከማዶ ሆና "ስሟን ቀይራ የለ? ናታኒቻ ናት እኮ። አልነገሩሽም?" አለቻት። 

ውጤቱን ለማረም ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ኮሌጁ ጋ ስንደውል ግን አንዲት ትሑት ሴት ቦታው ዓርብ ከሰዓት ለተጠባባቂ መሰጠቱን ነገረችን፤ ለከርሞ ትሞክር አለችን። ማሪቪክ ስልኩን ይዛ፣ "ለከርሞ ማለት አዎ ነው እምቢ?" አለችኝ። እምቢ እንደሆነ ነገርኳት።

በእኔ ሞተር ኖይ ጋ ሄድን። ኖይ ከሰሉን እያራገበች ነበር። ስታየን ተነሥታ እጅ ነሣች፣ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳችልንና ተመልሳ ዓሣዋን ታራግብ ጀመር። ማሪቪክ በተሰባበረ የእኛ ቋንቋ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ የልጅዎን ስም አላወቅሁም" አለቻት።

"ኧረ መምህር፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ የሰው አገር ሰው ነዎት" አለች ኖይ። "ስሙ ነው። አዲሱም አልተስማማትም ማለት ነው። እንደገና እናስቀይራለን። እንዲያውም እርስዎ አንድ ያውጡላት፣ የተማረ ሰው ያወጣው ይቀናል።"

ማሪቪክ ምን እንደሚባል ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች፣ ዓይኗ ሞልቷል። እኔ ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እግዜር ይይላት፣ ያንን ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

"ኖይ፣ ዜሮ ጻፊባት ያልኩት እኔ ነኝ።"

የኖይ ማራገቢያ ቆመ። "እርስዎ?"

"ናታኒቻ ማን ናት ብላ ጠየቀችኝ። አላውቃትም አልኳት።"

"ቴንግሞን ሦስት ዓመት አስተምረዋት የለም እንዴ?"

"አስተምሬያታለሁ። ስሙ አዲስ ሆኖብኝ ነው።"

"የድሮውንስ ያውቁት ነበር?"

 ዓሣው አረረ፣ ኖይም አላነሣችውም።

"እኔንም ስድስት ዓመት አስተምረውኛል፣ መምህር" አለች ቀስ ብላ። "የኔን ስም ያውቁታል?"

"ኖይ" አልኳት።

"ኖይማ፣ ዓሣ የሚገዛኝም ይለኛል።"