ለቤተሰብ ፈቃድ አያስፈልግም

የባለቤቴን ታናሽ ወንድም ሰፈሩ ሁሉ "ቡጢ" ነው የሚለው። በጎረምሳነቱ መጠጥ ቤት ውስጥ በተነሳ ጠብ የአንድ ሰው መንጋጋ ሰብሮ ታስሯል። ከተፈታ በኋላ የሚቀጥረው አጥቶ ሲንከራተት እህቱ አልጋ ላይ ዋለች። ጓዙን ይዞ እኛ ቤት ገባ።

እኔ ሳገላብጣት አሳምማት ነበር። እሱ ግን ክንዱን ከትከሻዋ ስር አሾልኮ፣ "እትዬ፣ አንገቴን ያዢ፤ ከለቀቅሽ ሁለታችንም ወደቅን" ይላታል።

"አንተማ ሰው መጣል ለምደሃል" ትለዋለች። ይሳሳቃሉ።

መዳፉ እንዳይሻክራት ማታ ማታ ቅባት ይቀባ ነበር። እስክታርፍ ድረስ ጀርባዋ አልቆሰለም።

ከሐዘኑ በኋላ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሊቀጥረው ተስማማ፤ የአስታማሚነት ፈቃድ ካመጣ። ስልጠናውን ጨርሶ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"በሰው ላይ ጉዳት አድርሶ የተቀጣ ይህን ፈቃድ አያገኝም፣ ወንድሜ።"

"ቅጣቴን እኮ ጨርሻለሁ።"

"ገብቶኛል። ግን በሽተኛ ራሱን መከላከል አይችልም።"

አላስቻለኝም። "ልጄ፣ ባለቤቴን እስከ መጨረሻው ያስታመማት እሱ ነው። እሷስ ራሷን መከላከል ትችል ነበር?"

"ለቤተሰብ ፈቃድ አያስፈልግም፣ አባባ።"

"እህቱን በነጻ ሲያነሳ ደህና የነበረ እጅ፣ ደመወዝ ሲከፈለው ነው ሰው የሚጎዳው?"

"መመሪያው ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።"

"አቤቱታ ብናስገባስ?"

"ማስገባት ይችላሉ። መልሱ ግን ያው ነው።"

ከኋላችን የተሰለፈው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ቡጢ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ደረጃውን እሱ ላይ ተደግፌ ወረድኩ።

"ጋሼ፣ እንግዲህ እርስዎ ቶሎ ይታመሙልኝ" አለኝ። "ለእርስዎ ፈቃድ የሚጠይቀኝ የለም።"

ልስቅለት ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። እዚያው በር ላይ ቆሞ ለመንከባከቢያው ደወለ፤ እንደማይመጣ ነገራቸው፤ ጭራሽ ይቅርታ ጠየቃቸው።

አሁን ግንባታ ቦታ ሲሚንቶ ይሸከማል። ትናንት ማታ መዳፉ ተሰነጣጥቆ ሲገባ፣ ቅባቱን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንስቼ አቀበልኩት።

"ለማን ብዬ፣ ጋሼ?" አለና ቦታው መለሰው።