ፍሬምና የሳሎኑ ኮንሶል

ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሥራው የሊፍት ጥገና ነው፤ ከአንድ አንጋፋ መካኒክ ጋር እየተዘዋወረ የዐሥራ አንድ ሕንፃ ሊፍቶችን ይጠብቃል። ምሳ ሰዓት ላይ ሌላው ሰው ስለ ልጁ፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለ ጎረቤቱ ሲያወራ እሱ ስለ ፍሬም ያወራል። ፍሬም ማለት፣ እሱ እንደሚያስረዳው፣ ጌም ሲጫወቱ ስክሪን ላይ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ የሚፈራረቀው የምስል ብዛት ነው። ኮንሶል፣ ያ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው የጌም ማጫወቻ፣ ስልሳ ያሳያል። የሱ ኮምፒዩተር መቶ አርባ አራት። ይህን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ የየሕንፃው ጥበቃዎች እንኳ በቃላቸው ይዘውታል። አንድ ቀን አንጋፋው መካኒክ ከጣሪያው ክፍል ሆኖ፣ "ፍሬም፣ መፍቻውን ይዘህልኝ ውጣ" አለው፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ። እሱም አልተቀየመም፤ እንዲያውም ደስ ሳይለው አልቀረም።

ንቀት የሌለው ሰው የለም፤ ሁሉም ለራሱ የምትበቃውን ያህል ይዞ ይኖራል። ፍሬም ግን በጅምላ ነው ያከማቸው። የሊፍት ቁልፍ ደጋግመው የሚጫኑ ሰዎችን ይንቃል፤ "አንዴ ሲነኩት ሰምቷል፣ ደንቆሮ አይደለም" ይላል። በሩን በእግራቸው የሚያስቆሙትን ይንቃል። ከበሩ በላይ የተጻፈውን ቁጥር አምነው፣ ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መሀል ቆሞ ሳለ "ስድስተኛ ደርሰናል እኮ" ብለው ስልክ የሚደውሉትን ከነዘር ማንዘራቸው ይንቃል። ከነዚህ ሁሉ በታች ግን፣ በንቀቱ ምድር ቤት ውስጥ፣ ኮንሶል የሚጫወቱ ሰዎች አሉ።

ኮምፒዩተር፣ ይላል፣ በገዛ እጅህ የምትገጣጥመው ነገር ነው። ካርዱን መርጠህ፣ ማቀዝቀዣውን ገጥመህ፣ ገመዱን በሥርዓት አስረህ ትሠራዋለህ። ስለዚህ ታውቀዋለህ። ኮንሶል ግን እንደ ካውያ ነው፤ ከካርቶኑ አውጥተህ ትሰካዋለህ፣ ይሞቃል፣ በቃ። ከዚያ ሶፋ ላይ ተንጋለህ በሁለት አውራ ጣት እየቆነጠርክ ተጫወትኩ ትላለህ። ይህን ሲናገር ሁለቱን አውራ ጣቶቹን አጣጥፎ ያሳያል፤ ሰውም ለይሉኝታ ይስቅለታል። አንጋፋው መካኒክ ብቻ ነው የማይስቀው። "ጨዋታ ነው አይደል እንዴ፣ አንተ ሰውዬ" ይለዋል። "አይደለም" ይላል ፍሬም። ከልቡ ነው።

የደረሰበት ፈተና ታዲያ ከሩቅ የመጣ አልነበረም። ኮንሶሉ ያለው በገዛ ሳሎኑ ውስጥ ነበር።

ያመጣው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ ምድጃ ሥር ቆሞ ቀትር ላይ ሥራውን ይጨርሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ትኩስ ዳቦ በብብቱ ሸጉጦ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንደያዘ እህቱ ቤት ይመጣል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ፣ ከእህቱ ጋር እስኪመሽ የኳስ ጌም ይጫወታል። እህቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ የወላጅ ጩኸት ስትሰማ ትከርምና ቅዳሜ ተራዋን ራሷ ትጮኻለች። ጎል ስታገባ ትራሱን ታቅፋ ከሶፋው ትነሣለች፤ ሲገባባት ወንድሟን በትራሱ ትደበድበዋለች።

ፍሬም በዚህ ሰዓት ጓዳ ነው። ጓዳው ድሮ ልብስ የሚተኮስበት ክፍል ነበር፤ የመተኮሻውን ጠረጴዛ ወደ መኝታ ቤት አሰድዶ ማሽኑን አነገሠበት። ጎኑ መስተዋት ነው፤ ውስጡ ማራገቢያዎቹ ቀይና ሰማያዊ እያበሩ ይዞራሉ። ወንበሩ የአውሮፕላን አብራሪ ወንበር ይመስላል። በስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት አረንጓዴ ቁጥር ሁልጊዜ ትበራለች፤ መቶ አርባ አራት ትላለች። ዝቅ ካለች ፍሬም ይታመማል፣ ከተመለሰች ይድናል። እውነቱን ለመናገር ከጌሙ ይልቅ እሷን ነው ሲያይ የሚውለው።

ሚስቱ አንድ ጊዜ ሞክራለት ነበር። ማሽኑ በተገጠመ ሰሞን በርጩማ ይዛ ገብታ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ "እስቲ እኔንም አጫውተኝ" አለችው። ደስ አለው፤ በጣም ደስ አለው። መጀመሪያ ግን ማውሱ ለእጇ መስተካከል ነበረበት። ከዚያ የጥላው ጥራት፣ ከዚያ የብርሃኑ፣ ከዚያ ኪቦርዱ ላይ የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሲያስተካክል ቆየና ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ፣ "አይ፣ እንደሱ አይያዝም" አላት። ሰባት ጊዜ አላት። እሷም እሳት ላይ የጣደችው ነገር እንዳለ አስታውሳ ተነሣች። ያ የተጣደ ነገር ሦስት ዓመት ሆነው፤ እስከ ዛሬ አልወረደም።

ከዚያ ወዲህ እሷ ናት የምትጠራው። በየቅዳሜው በጓዳው በር ብቅ ትልና፣ "ትመጣለህ?" ትለዋለች።

"ስልሳ ፍሬም ዓይኔን ያመኛል" ይላታል። እንዲህ ያለ ሕመም በየትኛውም ሐኪም ቤት አልተመዘገበም፤ እሱ ግን ዓይኑን እያሻሸ ጭምር ነው የሚነግራት።

ይህን ሁሉ የምለው ሚስቱን የማይወድ ሰው ሆኖ አይደለም። ይወዳታል። የጆሮ ማዳመጫውን ሲያጠልቅ ሁልጊዜ አንዱን ጆሮውን ክፍት ይተዋል፤ ሲጠይቁት በር ቢንኳኳ ልስማ ብዬ ነው ይላል። በር የሚያንኳኳባቸው ሰው ግን እምብዛም የለም። ከሳሎኑ የምትመጣውን የሷን ሳቅ ነው የሚሰማው። ሳቋ ሲበረታ ጨዋታውን ያቆምና ይጠብቃል፣ ምናልባት አሁን ትመጣ ይሆናል እያለ። መጥታ አጠገቡ ብትቀመጥ የሚወደውን ያህል፣ ተነሥቶ ሄዶ አጠገቧ መቀመጥ ግን ሞት መሰለው። ካውያ ፊት ሊቀመጥ ነው?

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ሚስቱ በር ላይ ብቅ አላለችም፤ ገባች። ወንበሩን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው።

"ስማኝ" አለችው። "ዛሬ ጠይቄህ አልጠይቅህም ከእንግዲህ። ተቆጥቼ አይደለም፤ ደከመኝ። ትመጣለህ?"

ድምጿ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ኖሮ ያውቅበት ነበር። ቁጣ አልነበረበትም፤ ፍሬም ፈራ። ሰው ሲፈራ ደግሞ የለመደውን ነው የሚያነሣው።

"ልዩነቱን ብታዪው እንዲህ አትዪም ነበር" አላት። "አንድ ጊዜ በደንብ እዪው። አንቺም፣ ወንድምሽም። ካላያችሁ እኔ እመጣለሁ።"

"ካላየን ትመጣለህ?"

"እመጣለሁ።"

"በየቅዳሜው?"

"በየቅዳሜው" አለ ደረቱን ነፍቶ። እንደማይሸነፍ ነው የሚያውቀው።

ያንኑ የኳስ ጌም በጓዳውም በሳሎኑም ከፈተው። ዳቦ ጋጋሪው ከሶፋው ተጎተተና መጣ። ከዚያ ሁለቱ በካልሲ ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን ይመላለሱ ጀመር። እዚህ ተጫዋቹ ሲሮጥ ያያሉ፣ እዚያ ሄደው ያው ተጫዋች ሲሮጥ ያያሉ። ሚስቱ አላሾፈችም። ዓይኗን አጥብባ፣ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ፣ የትምህርት ቤት ሰነድ እንደምትመረምር ሆና ነው ያየችው። ካየች እንደምትሸነፍ እያወቀች በእውነት ልታይለት ሞከረች።

በአራተኛው ምልልስ ላይ፣ "እኔ አንድ ዓይነት ነው የሆነብኝ" አለች።

"እኔም ጋሼ፣ ሙት ስልህ አንድ ነው" አለ ወንድሟ።

ፍሬም ቆሽቱ አረረ። "ዓይን የላችሁማ! ቴሌቪዥን ዓይናችሁን ገሎታል። ሰው ስልሳና መቶ አርባ አራትን አይለይም? እኔ በሩቅ፣ በመተላለፊያው ሳልፍ፣ በጎን ሳየው እለየዋለሁ። ያቺን ቁጥር ተመልከቱ እንግዲህ፣ ማንበብ እንኳ አያቅታችሁም።" አረንጓዴዋን ቁጥር በጣቱ መታት። መቶ አርባ አራት ትላለች፤ አልዋሸችም።

ዳቦ ጋጋሪው ቁጥሯን ትንሽ አያትና ጭንቅላቱን አከከ። ካከከው ቦታ ዱቄት በነነ።

"ይቺን ቁጥር የሚጽፋት ማነው ጋሼ? ኮምፒዩተሩ ነው ወይስ ስክሪኑ?"

"ምን አገናኘው?"

"አይ፣ እንዲሁ ነው። የኛ ምድጃ በሩ ላይ ሙቀቱን የሚጽፍ ነገር አለው። ሁለት መቶ ሃያ ይላል። እኔ ግን አላምነውም፤ እሱ የሚነግርህ የላከውን ነው እንጂ ዳቦው ጋ የደረሰውን አይደለም። ስለዚህ ከዳቦው አጠገብ ውስጥ ሌላ መለኪያ አስቀምጣለሁ። በሩ ሁለት መቶ ሃያ እያለ ውስጡ መቶ ሰባ ሆኖ ስንት ቀን ጥሬ ዳቦ አውጥቻለሁ መሰለህ። ኮምፒዩተሩ መቶ አርባ አራት ይላክ፣ እሺ። ስክሪኑ ስንቱን ነው የሚያሳየው?"

ፍሬም ከንፈሩን አጣሞ ሳቀ። ምድጃና ግራፊክስ ካርድ የሚያወዳድር ሰው ፊት ምን ይባላል? አንዴ አዋርዶ ሊገላገለው ፈለገ። እጁን ከስክሪኑ ሥር ሰደደና እዚያ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ፈለጋት። ስክሪኑን ሲገጥመው ምስሉ አምሮ ስለወጣ ሦስት ዓመት ሙሉ ነክቷት አያውቅም። ተጫናት። በስክሪኑ መሀል የስክሪኑ የራሱ ሠሌዳ ወጣ።

"አንብቢለት" አላት ሚስቱን፤ ዓይኑን እንኳ ወደዚያ አላዞረም፣ የዳቦ ጋጋሪውን ፊት ነበር የሚያየው። "ጮክ ብለሽ አንብቢለት።"

ሚስቱ አነበበች። "ስልሳ" አለች።

ፍሬም ዞሮ አየው። ስልሳ ይላል። ኮምፒዩተሩ በየሰከንዱ መቶ አርባ አራት ምስል እየሠራ ሲልክ፣ ስክሪኑ ስልሳውን እያሳየ ሌላውን ሲደፋ ኖሯል። ስክሪኑ ሲገጠም ከፍ አድርገው ካላዘዙት በዝቅተኛው ይነሣል፤ ፍሬም የጥላውን፣ የውሃውንና የሣሩን ጥራት ሁሉ ሲያስተካክል ይህቺን አንዲት ቦታ አልነካትም። ከሊፍት በር በላይ የተጻፈ ቁጥር አምኖ ስልክ የሚደውል ሰው እንኳ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው የሚታለለው። ይሄ ሦስት ዓመት ተታለለ። ዓይኑን የሚያመው ስልሳ ፍሬም በየምሽቱ ፊቱ ላይ ነበር፤ አንድም ቀን አላመመውም።

ፊቱ ደም መሰለ። ቢስቁበት ይሻለው ነበር፤ መልስ አያጣም። ዳቦ ጋጋሪው ግን ጨዋ ነው፤ የጨዋ ርኅራኄ ደግሞ አጥንት ድረስ ይገባል። "ዛሬ መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር እኮ፣ እሱ ይሆናል ያበላሸው" አለና፣ ማንም ሳያስወጣው፣ በካልሲው ዱቄት እየረገጠ ወጣ።

ሚስቱ ቀረች። ስክሪኑን ታያለች፣ መስተዋቱን ታያለች፣ የአብራሪውን ወንበር ታያለች። የምታስበው ነገር ፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲደርስ ይታይ ነበር።

"ስለዚህ" አለች፣ "ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ብቻህን ተቀምጠህ ስታየው የነበረው፣ እኛ እዚያ የምናየውን ነው።"

ፍሬም ሠሌዳውን ከስክሪኑ ላይ አጠፋው።

"አንድ ነበራ" አለች ዝግ ብላ። "እኔ እኮ ሌላ ነገር ይመስለኝ ነበር። የማላውቀው ነገር እያየ ነው፣ ተይው እያልኩ ነበር።"

"እመጣለሁ" አላት። "ብያለሁ አይደል፣ ካላያችሁ እመጣለሁ ብያለሁ።"

"ተወው" አለችው። ትከሻውን መታ መታ አደረገችው፣ እንደ እንግዳ። "ስለተሸነፍክ አትምጣ።"

ሄደች።

ፍሬም ብቻውን ሲቀር የሚያውቀውን ሠራ። ቅንብሩን ከፍቶ ቁጥሩን ከስልሳ ወደ መቶ አርባ አራት ለወጠው። ሁለት ንክኪ ብቻ ነበር። ከዚያ ጨዋታውን ከፈተው።

እውነት ነበር። ያ ሁሉ ምሳ ሰዓት የሰበከው፣ የማለለት፣ ሰው ያሰለቸበት ነገር እውነት ነበር። ተጫዋቹ ሲዞር ሣሩ አብሮት ዞረ፤ ኳሱ በአየር ላይ ምንም ሳይቆራረጥ እንደ ዘይት ፈሰሰ። ፍሬም በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። እንዳየው አድርጎ ነው ሲያወራ የኖረው። ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ማንንም ለመርታት ሳይሆን ደስ ስላለው ብቻ፣ በመተላለፊያው ሮጠ።

ሳሎን ጨዋታው ተጀምሯል። ሚስቱ እግሮቿን አጣጥፋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት ለአንድ እየመራች ነው። ከጎኗ ቦታ አለ።

"አስተካከልኩት" አላት። "አሁን ይታያል። በጣም ያምራል።"

"ጥሩ ነዋ" አለችው፤ ከልቧ ነው የተናገረችው፣ ዓይኗን ግን ከኳሱ አላነሣችም። "ጓዳህ ስትገባ በሩን ዝጋው፤ የኛ ጩኸት እንዳይረብሽህ።"

ትንሽ ቆመ። ሦስተኛውን ጎል እስክታገባ ድረስ ቆመ። ከዚያ ተመለሰና በሩን ዘጋው።