ሄሊኮፕተሩ ያልተነሳበት ጠዋት

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር፣ አፓርታማዬ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ከድሮ ወዳጄ ከሰይድ ጋር ተቀምጠን ነበር። የምስር ሳምቡሳው ገና ይፋጃል። ሐኪሜ ከልክሎኛል፤ እኔም ሐኪሜን ከልክያለሁ። የአምቡላንስ ሄሊኮፕተር ከላያችን አልፎ መስኮቱን ሲያንቀጠቅጠው፣ ኡበር የሚነዳ አንድ ጎረምሳ፣ «ሰሞኑን ኮል ተደርጎላቸው በጉም ምክንያት አንነሳም አሉ። የዚህ አገር ሕግ ሰው ይጨርሳል» አለ። ሰይድ ብርጭቆውን አስቀመጠ። እኔ ሳምቡሳዬን ሳላስቀምጥ ነገሬን ጀመርኩ።

ወጣት ሳለሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጣ ብሎ የአንድ የሄሊኮፕተር አምቡላንስ ጣቢያ ጥበቃ ነበርኩ። ጥበቃ ስል ጡንቻ እንዳይታያችሁ። ዩኒፎርሜ እኔን የመሰለ ሌላ ሰው ጨምሮ ይይዝ ነበር፤ ንፋስ ሲመጣ ከሄሊኮፕተሩ ቀድሜ የምነሳ ይመስለኛል። ሥራዬ ማረፊያው ላይ የረገፈውን ቅጠል መጥረግና ሰው እንዳይገባ መከልከል ነበር።

ቅጠሉ በሚረግፍበት ወራት አንድ ጠዋት፣ ሰይድ ከሮክቪል ባሻገር በሚሠራበት መጋዘን የጭነት መኪና እግሩን ጨፈለቀው። እዚያ ያለው ትንሽ ሆስፒታል እንዲህ ያለውን የሚጠግን ሐኪም የለውም፤ ቶሎ ወደ ከተማ ካልመጣ እግሩ እንደሚቆረጥ ተነገረን። ሄሊኮፕተር ተጠየቀ። በዚህ ጉም አይነሳም ተባለ። ጉሙስ እውነት ነው፤ የማረፊያውን መብራት እንኳ ያገኘሁት ተደናቅፌበት ነው።

እኛ ደግሞ እምቢ ላለ ሰው የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ሽማግሌ መላክ። የሰይድ አጎት ጋሽ ይመር፣ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው፣ ክራቫት አስረው መጡ። ሰው እንዳይገባ የምከለክለው እኔው በሩን ከፍቼ፣ ፊት ፊት እየመራሁ አስገባኋቸው።

ያቆመችን አስቴር ናት፤ ከሄሊኮፕተሩ ጋር እየበረረች በሽተኛ የምትይዝ ነርስ፣ የአገራችን ልጅ። አብራሪው ከኋላዋ፣ በሩ በተከፈተ ክፍል ውስጥ፣ የአየር ሁኔታ እያየ ነበር።

«አንተ በር ጠባቂ ነህ በር ከፋች?» አለችኝ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችና ደንቡን አስረዳቻቸው። አብራሪው የሚጠየቀው ስለ ሰማዩ ብቻ ነው። የታመመው ሕፃን ይሁን አዛውንት፣ ይሙት ይዳን አይነገረውም፤ አንጀቱ ከተላወሰ ጉሙ የሳሳ ይመስለዋል።

«ልጄ፣ ለእናቱ አንድ ነው» አሉ ጋሽ ይመር። «እግርሽ ላይ ልውደቅ?»

«አባቴ፣ አይውደቁብኝ። ሕፃን ነው ሲባል አላስችል ብሎት፣ እንዲህ ባለ ጉም ሄሊኮፕተር ያስነሳ አብራሪ ጓደኛ ነበረኝ። ሕፃኑ በኋላ በመኪና ደረሰ።»

ጓደኛዋስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጋሽ ይመር ግን ወደ እኔ ዞረው፣ ለፈረንጁ አብራሪ አንተ ንገረው አሉኝ። እንግሊዝኛዬ ያኔ ለመንገድ መጠየቂያም አይበቃም፤ «አንድያ ልጅ ነው» ለማለት ግን ይበቃ ነበር። አፌን ስከፍት አስቴር መሀላችን ገባች።

«ተናገር። እሱ እሺ ቢል እኔ አልሳፈርም። ከምንበረው መሀል አንድ ሰው እምቢ ካለ ይሄ ነገር ከመሬት አይላቀቅም። እኔ እምቢ ብያለሁ።»

ከበሩ ንቅንቅ አላለችም። አፌን ዘጋሁ።

ሰይድ በመኪና ተጭኖ መጣ። ሲደርስ እግሩ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። እኔም አስቴርን ለረጅም ጊዜ ሰላም አላልኳትም። እሷ እቴ፣ ቅጠሉን በደንብ አልጠረግህም ከማለት በቀር ደንታም አልነበራት።

ጎረምሳው ይህን ሰምቶ፣ «ታዲያ እንዳልኩት አይደል? እግራቸውን አሳጣቻቸው» አለ።

ሰይድ ሰው ሠራሽ እግሩን በከዘራው ኳ አደረገው። «የሄደው እግር የእኔ ነው፤ ስለዚህ እኔ ልናገር። እነዚያ የሄሊኮፕተሩ ሰዎች ያን ምሽት ቤታቸው ገብተው ራታቸውን በልተዋል። እኔም ይኸው ሳምቡሳ እየበላሁ ነው። ለእኔ እግር ስንት ሰው ይሙትልኝ?»

እኔ ግን ከዚያ ደንብ ጋር እንዲህ በቀላሉ አልታረቅም። ያኔ ሽማግሌ ይዤ ገባሁ፤ ዛሬ ራሴ ሽማግሌ ሆኛለሁ፣ ክራቫቱም አለኝ። ወዳጄ እንደዚያ ቢሆን ነገም ሄጄ እግር ላይ እወድቃለሁ፤ ጉልበቴ ስለማይታመን የሚያነሳኝ ሰውም ይዤ እሄዳለሁ። የትኛውም ደንብ አያስቀረኝም። ብቻ በሩ ላይ እንደ አስቴር ያለች ሴት ቆማ ትጠብቀኝና፣ ዐይኔን እያየች እምቢ ትበለኝ።